ትንሽ ፋይል፣ ረጅም ጥበቃ

ሰሞኑን ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ተጠቃሚ ከሁሉ በፊት የሚያየው የማውረጃውን መጠን ስለሆነ፣ ፋይሉን ማሳነስ ከምንም ነገር ይቀድማል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ቢንቀራፈፍ ግድ የለም፣ እሱ የአንድ ጊዜ ነገር ነው። ከዚያ አምስት ምክሮች ይሰጣል። ያለውን ሁሉ አጥብቃችሁ እመቁ (ኮምፕረስ አድርጉ)። ሰው የሚያወርደው ትንሽ ማስጀመሪያ ብቻ ይሁን፣ ቀሪው ሲከፈት ይውረድ። ኮዱን አስቀድማችሁ ኮምፓይል አታድርጉ፣ ማለትም ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ አትተርጉሙ፣ ፋይሉን ያሳብጠዋል። ትልቅ ፋይል ለመክፈትም ስለሚከብድ፣ ማሳነሱ በዚያም በኩል ያተርፋል። ተደጋግሞ የተቀመጠ ዳታ ካለ ደግሞ አውጥታችሁ ጣሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ዝም ብሎ ማለፍ የከበደኝም ለዚህ ነው። ከምክሮቹ አንዱን እቀበላለሁ፣ አንዱን በግማሽ። በቀሩት አልስማማም።

ከመነሻው ልጀምር። መጠን ይወስናል ማለቱ ውሸት አይደለም። ጉግል በ2017 ባወጣው መረጃ፣ ፕሌይ ስቶር ላይ የአንድ አፕ መጠን በ6 ሜጋባይት በጨመረ ቁጥር፣ ገጹን አይቶ ወደ መጫን የሚሄደው ሰው ድርሻ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አይፎንም ከአይኦኤስ 13 ወዲህ፣ አፑ ከ200 ሜጋባይት ካለፈ፣ በሞባይል ዳታ ከማውረዱ በፊት ይጠይቃል። እዚህ ድረስ አንድ ነን።

ችግሩ ጸሐፊው «መጠን» ሲል አንድ ቁጥር ብቻ ያለ ይመስለዋል። ሦስት ናቸው። በኔትወርክ የሚያልፈው አለ። ስቶሬጅ ላይ የሚቀመጠው አለ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሜሞሪ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ሌላ ነው። አንዱን ስታሳንሰው ሌላው ሊያብጥ ይችላል። ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ሦስቱን ከመቀላቀል የመጡ ናቸው።

አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። የአንድሮይድ አፕ የሚታሸግበት ኤፒኬ ፋይል በመሠረቱ ዚፕ ነው፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች ታምቀው የሚገቡበት ጥቅል። ውስጡ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ላይብረሪዎች (አፑ የሚጠቀምባቸው የኮድ ክፍሎች) ሊኖሩ ይችላሉ። ድሮ እነዚህ ታምቀው ነበር የሚገቡት። አፑ ሲጫን ሲስተሙ ይፈታቸውና ሌላ ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ አንዱ ላይብረሪ ስልኩ ላይ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል፦ ኤፒኬው ውስጥ የታመቀው፣ ውጭ ደግሞ የተፈታው። ከአንድሮይድ 6.0 ወዲህ ግን ላይብረሪውን ሳያምቁ፣ ሲስተሙ ሜሞሪን በሚከፋፍልባቸው ገጾች ልክ አሰልፎ ማስገባት ይቻላል። ሲስተሙ ምንም ሳይፈታና ሳይገለብጥ፣ ኤፒኬው ውስጥ እንዳለ በቀጥታ ይጠቀምበታል።

ይህን ያደረገ ሰው የመጨረሻውን ፋይል ሲያይ ይደነግጣል። ኤፒኬው አብጧላ! ጸሐፊው ቢያየው መልሰህ እመቀው ይለው ነበር። ነገር ግን ፕሌይ ስቶር ፋይሉን ሲልክ ራሱ ስለሚያምቀው፣ ተጠቃሚው የሚያወርደው አይጨምርም፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ስልኩ ላይ ሁለት ቅጂ መቀመጡ ይቀራል። አፑም ቶሎ ይጫናል። ያበጠው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም።

አፕዴትም አለ። ጽሑፉ ስለ አፕዴት አንድም ቃል አይልም። ይህ በጣም ገርሞኛል። አንድ አፕ አንዴ ይጫናል፣ ከዚያ በየጊዜው ይታደሳል። ፕሌይ ስቶር በ2016 መጨረሻ አንድ ዘዴ አስተዋወቀ፦ አሮጌውንና አዲሱን ኤፒኬ ውስጣቸውን ፈትቶ ያነጻጽርና ልዩነቱን ብቻ ይልካል። ስልኩ ላይ መልሶ ያምቀዋል። ጉግል እንዳለው በዚህ ዘዴ አፕዴቱ ከሙሉው አፕ በአማካይ በ65 በመቶ ያንሳል። ለምን መፍታት አስፈለገ? የታመቀ ፋይል ውስጥ መጀመሪያው አካባቢ ትንሽ ነገር ከተቀየረ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይለዋወጣል። ማነጻጸሪያው የጋራ የሆነ ነገር አያገኝም። እንግዲህ በጸሐፊው ምክር መሠረት ፎቶውንም፣ ድምፁንም፣ ዳታቤዙንም አንድ ላይ በራሳችሁ መንገድ ብታምቁት፣ ስቶሩ ያንን መፍታት አያውቅም። መጀመሪያ ላይ 10 ሜጋባይት ታተርፋላችሁ። ከዚያ አንድ ምስል በቀየራችሁ ቁጥር ሰውዬው ጥቅሉን እንዳለ እንደገና ያወርዳል።

ወደ ማመቁ እንግባ። ጸሐፊው ጠንካራው ማመቂያ ሁልጊዜ ይሻላል ይላል። ሲታመቅ የሚወስደው ጊዜ የእኛ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ተጠቃሚውን አይነካውም ባይ ነው። ልክ ነው፣ ሲታመቅ አይነካውም። ሲፈታ ግን የሚፈታው የሱ ስልክ ላይ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ፕሮግራም ሲፈታ 300 ሜጋባይት ይሆናል እንበል። ሁለት ማመቂያዎች እንውሰድ፣ አጥብቆ የሚያምቀው ኤክስዚና ቶሎ የሚፈታው ዚስታንዳርድ። በኤክስዚ ሲታመቅ 80፣ በዚስታንዳርድ ሲታመቅ 100 ይሆናል እንበል። ደካማ ስልክ ላይ ኤክስዚው በሴኮንድ 20 ሜጋባይት፣ ዚስታንዳርዱ 300 ሜጋባይት ይፈታል ብለን እንያዝ። መፍታቱ አንዱ ላይ 15 ሴኮንድ፣ ሌላው ላይ 1 ሴኮንድ ይወስዳል። በሴኮንድ ግማሽ ሜጋባይት በሚያወርድ ኔትወርክ ላይ ያቺ 20 ሜጋባይት ልዩነት 40 ሴኮንድ ታድናለች። ኤክስዚ ያሸንፋል፣ ያውም በደንብ። በሴኮንድ 2 ሜጋባይት ሲሆን የምታድነው 10 ሴኮንድ ብቻ ነው፣ የምትከፍለው ግን 14 ነው። በ10 ሜጋባይት ደግሞ 2 ሴኮንድ ለማዳን 14 ትከፍላለህ። መሻገሪያው በሴኮንድ ከ1.5 ሜጋባይት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፣ በየፕሮግራሙ ይለያያሉ። ግን መሻገሪያ የሌለው ፕሮግራም የለም። ጸሐፊው ኔትወርኩን ሁሌ ደካማ፣ ፕሮሰሰሩን ሁሌ ጠንካራ አድርጎ ነው የሚያስበው። ርካሽ ስልክ የያዘ ሰው ሁለቱም ደካማ ይሆኑበታል።

በተግባር የተደረገውን ካነሳን፣ አርች ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ2020 መባቻ ጥቅሎቹን ከኤክስዚ ወደ ዚስታንዳርድ አዛወረ። ሁሉም ጥቅሎች ተደምረው መጠናቸው የጨመረው 0.8 በመቶ ገደማ ነበር። መፍቻው ግን 1300 በመቶ ያህል ፈጠነ። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ጭማሪ! በጽሑፉ መለኪያ ይህ ውድቀት ነው።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ሲጫን አንዴ የሚፈታና በተከፈተ ቁጥር የሚፈታ አንድ አይደሉም። ኡቡንቱ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ፕሮግራም የሚታሸግበት ስናፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስናፕ ሲጫን አይፈታም። እንደታመቀ ይቀመጥና፣ ፕሮግራሙ ፋይል በጠየቀ ቁጥር ያች ቁራጭ ትፈታለች። ኮምፒውተሩ እንደገና ከተነሳ በኋላ ሜሞሪ ውስጥ የቆየ ነገር ስለማይኖር ያው ሥራ ይደገማል። የክሮሚየም ብራውዘር ስናፕ ሲከፈት ይዘገያል የሚለው ቅሬታ ሲበዛ ከኤክስዚ ወደ ኤልዚኦ፣ ላላ አድርጎ ወደሚያምቅ ግን ቶሎ ወደሚፈታ ማመቂያ፣ ተቀየረ። ፋይሉ በግልጽ ተለቀ፣ አከፋፈቱም ፈጠነ። በተቃራኒው በ2014 የወጣውን ታይታንፎል የሚባለውን ጌም ተመልከቱ። ኮምፒውተር ላይ 48 ጊጋባይት ይይዝ ነበር፣ ከዚህ ውስጥ 35ቱ ያልታመቀ ድምፅ ነው። ሰው ብዙ ሳቀበት። ሠሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ግን ጠንካራ ነበር፦ ድምፁ ታምቆ ይመጣል፣ ሲጫን ይፈታል፣ ምክንያቱም ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ላይ ጌሙ እየሄደ ድምፅ መፍታት የአንዱን ኮር ትልቅ ድርሻ ይበላል። ማውረድና መክፈት ብቻ አይደሉም ያሉት። መሃል ላይ መጫን የሚባል ደረጃ አለ። ሰው እዚያ ጋ መጠበቅ ለምዷል፣ ትዕግሥትም አለው። ጽሑፉ ይህን ደረጃ ረስቶታል።

«የአንድ ጊዜ ነገር ነው» ወደሚለው ልምጣ። ክርክሩ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። በእኔ እምነት ደካማው ቦታም ይኸው ነው።

በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራምን ፓይኢንስቶለር በሚባል ማሸጊያ አንድ ፋይል አድርገው የሚያሽጉ ብዙ ናቸው። ያምራል፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው። ሰውዬው ሁለቴ ክሊክ ያደርጋል። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ከኋላ ግን ያ ፋይል ጊዜያዊ ፎልደር ይፈጥርና በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን አንድ በአንድ እየፈታ እዚያ ይጽፋል። አንቲቫይረሱ ደግሞ እያንዳንዱን አዲስ ፋይል ይመረምራል። ሰውዬው አልተከፈተም ብሎ እንደገና ክሊክ ያደርጋል። አሁን ሁለት ፎልደር እየተሞላ ነው። በመጨረሻ መስኮቱ ይመጣል፣ ሁለት ሆኖ። ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋው ፎልደሩ ይጠፋል። ነገ ሲከፍተው ሁሉም ከሀ ይጀምራል። እዚህ ጋ «መጀመሪያ ሲከፈት» ማለት በየቀኑ ማለት ነው። ያንኑ ፕሮግራም በፎልደር አሽጎ በኢንስቶለር መስጠት ይቻላል፣ የሚፈታው አንዴ ብቻ ይሆናል።

ይህ የፓይተን ጣጣ ብቻ አይደለም። ክሮም ብራውዘር የድረ ገጾችን ኮድ፣ ጃቫስክሪፕትን፣ እንዴት እንደሚይዝ እንይ። አንድ ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት ኮዱ ኮምፓይል ይደረጋል። በ72 ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ እንደገና ኮምፓይል ይደረግና በዚህ ጊዜ ውጤቱ ይቀመጣል። ፍጥነቱን የሚያገኘው በሦስተኛው ነው። በየቀኑ አዲስ ኮድ የምታወጡ ከሆነ፣ ያ ሰው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ፋይሉ ይቀየርበታል። ለሱ ሁሌ መጀመሪያ ነው። ጌም ላይም የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ሲታደስ የተቀመጡት ሼደሮች (ካርዱ ላይ የሚሮጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ዋጋ ያጡና እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋሉ። አፕዴት፣ የሲስተም ማሻሻያ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ይመልሳሉ። ይሁንና በእውነትም አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ? ያቺ አንድ ጊዜ እኮ ሰውዬው አፑን ያቆየው ወይስ ይሰርዘው እንደሆነ የሚወስንባት ናት።

አስቀድሞ ኮምፓይል ስለማድረግ በግማሽ እስማማለሁ ያልኩት ይህንን ነው። ያሳብጣል ማለቱ እውነት ነው። ዶት ኔት በሚባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ላይ፣ አስቀድሞ ኮምፓይል የሚያደርገውን ሬዲ ቱ ረን ብታበሩ ፋይሎቹ በጥቅሉ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናሉ። ምክንያቱም የፕሮሰሰሩ ኮድ ሲጨመር የድሮውም አብሮ ይቀራል። ሁሉን ነገር እንዲህ ማድረግ ብክነት ነው። ከዚያ ተነስቶ ምንም አታድርጉ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድሮይድ ይህን መንገድ በሙሉ ሄዶበታል። እስከ 4.4 ድረስ አፖችን የሚያሄደው ዋናው ክፍል ዳልቪክ ነበር፣ ኮዱን እያሄደ ነበር የሚተረጉመው። በ2014 በወጣው 5.0 አርት በሚባል ሌላ ክፍል ተተካና ሁሉም ነገር ሲጫን ኮምፓይል ይደረግ ጀመር። አከፋፈቱ ፈጠነ። ግን መጫን ዘገየ፣ ስቶሬጅ ተበላ። ሲስተሙ ሲታደስ ስልኩ አፖቹን እየቆጠረ እያመቻቸሁ ነው ሲል የነበረውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሻይ ተፈልቶ ይጠጣ ነበር። በ2016 በ7.0 መሃል መንገድ ተያዘ፦ መጀመሪያ እያሄዱ መተርጎም፣ ተደጋግሞ የሚሠራውን መዝግቦ መያዝ፣ ከዚያ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሲያርፍ እሱን ብቻ ኮምፓይል ማድረግ። ይህ ግን አዲስ የተጫነ አፕ ላይ አይረዳም፣ ገና የተመዘገበ ነገር የለማ። በኋላ የሌሎች ተጠቃሚዎች መረጃ ተሰብስቦ ከፕሌይ ስቶር አብሮ መምጣት ጀመረ። በ2022 ደግሞ ቤዝላይን ፕሮፋይል መጣ። ዴቨሎፐሩ ራሱ፣ አፑ ሲከፈት የሚሮጡት ክፍሎች እነዚህ ናቸው ብሎ ዝርዝሩን አፑ ውስጥ ያስገባል። ዝርዝር ብቻ ነው፣ የተተረጎመ ኮድ አይደለም። ማውረጃው ላይ የሚጨምረው እዚህ ግባ አይባልም። ጉግል እንደሚለው ኮዱ ከመጀመሪያው አከፋፈት ጀምሮ በ30 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። እንግዲህ ጸሐፊው ወይ ይሄ ወይ ያ ብሎ ባቀረበው ምርጫ መሃል ይህን ያህል ሰፊ ቦታ አለ።

ትልቅ ፋይል ለመክፈት ይከብዳል የሚለው በአጭሩ ይታለፋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አያነበውም። በ4 ኪሎባይት ወይም በዚያ አካባቢ በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ፣ የተጠየቀችውን ብቻ ያመጣል። 200 ሜጋባይት የሆነ ፕሮግራም ሲነሳ 15 ሜጋባይቱን ብቻ ሊነካ ይችላል። ጸሐፊው የሚመክረው ዩፒኤክስ የሚባለው የፕሮግራም ማመቂያ ይህንን ጥቅም ያጠፋዋል። ፋይሉን ያሳንሰዋል፣ ሲከፈት ግን አንድ መስመር ኮድ ከመሮጡ በፊት የታሸገው ሁሉ ሜሞሪ ውስጥ መፈታት አለበት። በላዩ ላይ አንዳንድ አንቲቫይረሶች እንዲህ የታሸገ ፋይል ሲያዩ ይጠረጥሩታል።

ትንሽ ማስጀመሪያ አውርዶ ቀሪውን ሲከፍቱ ማውረድ ላይ ግን ትዕግሥቴ አጭር ነው። ዕዳውን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ማዛወር ነው እንጂ ምንም አልቀነሰም። ያውም ወደ ከፋው ሰዓት። ሰው አፕ የሚጭነው ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሆኖ ነው። የሚከፍተው ሲፈልገው ነው፣ ያኔ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። የስቶሩ አውራጅ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ትክክለኛነቱን ያረጋግጣል፣ ዋይፋይ እስኪገኝም ይጠብቃል። እናንተ የራሳችሁን ስትጽፉ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ መሥራት አለባችሁ። አብዛኛው ሰው አይሠራውም። ገጹ ላይ የተጻፈው ትንሽ ቁጥርም ሰውን ያታልላል፦ 12 ሜጋባይት ብሎ ያወረደው ሰው ሲከፍተው ቆይ 400 ሜጋባይት ይቀረኛል ይባላል። ለጌም ተከታይ ደረጃዎች፣ ለካርታ፣ ላልተመረጠ ቋንቋ ከሆነ ከፋፍሎ ማምጣት ጥሩ ነው። ፕሌይ ስቶርም ለዚህ ሦስት መንገድ ያቀርባል፦ ከአፑ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ አፑ ተጭኖ እንዳለቀ ሳይከፈትም ጭምር መውረድ የሚጀምር፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚመጣ። መሃለኛው በእኔ ግምት ከሚገባው በታች ነው የሚታወቀው። ለመጀመሪያው ስክሪን የሚያስፈልገውን ነገር ግን ከመጀመሪያው አብራችሁ ስጡት።

ተደጋጋሚ ዳታን ስለማውጣት ጸሐፊው ትክክል ነው፣ ያነሳው ምሳሌ ባይኖርም እኔ አንድ ልስጠው። ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለው ጌም በ2025 መጨረሻ ላይ የኮምፒውተር ቅጂውን ከ154 ጊጋባይት ገደማ ወደ 23 ጊጋባይት አወረደው። አንዱ ዳታ ብዙ ቦታ ተደጋግሞ የተቀመጠው አሮጌ ሃርድ ዲስክ መርፌውን ወዲያና ወዲህ እንዳያመላልስ፣ በዚህም ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት ታስቦ ነበር። ሠሪዎቹ ዳታውን ከቀነሱ አከፋፈቱ በብዙ እጥፍ እንደሚዘገይ ይገምቱ ነበር። ሲለኩት ልዩነቱ ጥቂት ሴኮንድ ሆኖ ተገኘ። ጊዜውን ይበላ የነበረው የጨዋታውን ሜዳ መፍጠሩ እንጂ ዲስክ ማንበቡ አልነበረም። ለፍጥነት ሲባል ያን ሁሉ ጊጋባይት ተሸክመው ኖሩ፣ ፍጥነቱ ግን እዚያ አልነበረም። ይህ የጸሐፊውን ወገን የሚደግፍ ምሳሌ እንደሆነ አውቃለሁ።

ጽሑፉ ግን የጊዜ መለኪያ የለውም። ያሉት ቁጥሮች በሙሉ የፋይል መጠን ናቸው፣ አንድም ሴኮንድ የለም። እኔ ብሆን ሰዓቱን የማስጀምረው ሰውዬው «ጫን» የሚለውን ሲነካ ነው። የማቆመው ደግሞ የመጣበትን የመጀመሪያ ሥራ ሲጨርስ ነው፣ የመጀመሪያው ስክሪን ሲታይ አይደለም። ስልኩ ርካሹ ይሁን፣ ከመለካቱ በፊት ጠፍቶ ይብራ። አንዴ በፈጣን፣ አንዴ በዘገምተኛ ኔትወርክ ይለካ። ከዚያ አንድ አፕዴት ወጥቶ እንደገና ይለካ። ጸሐፊው አጥብቆ ያመቀውን ቅጂና ያላመቀውን ቅጂ እንዲህ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሴኮንዶቹን ቢያወጣ፣ በየትኛው ኔትወርክ ላይ እሱ፣ በየትኛው ላይ እኔ ልክ እንደሆንን አብረን ማየት እንችላለን።